ሐረጎን የወጣ እግር ፈረንሳይ ገጠር ላይ ለምን ይዝላል?

የብስክሌት ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው እትም ፈረንሳይ አገር፣ ሌማን ከተማ አካባቢ፣ ብስክሌት ጥገና ቤት ውስጥ እሠራ እንደነበር አለፍ አድርጌ ጠቅሼ ነበር። “ታሪካዊ ጫካ መሐል በአስፋልት ብስክሌት መንዳትን የመሰለ ነገር የለም” ማለቴም ትዝ ይለኛል። በዚህ ወር የመጡት ደብዳቤዎች ሁሉም ማለት ይቻላል በዚያች ዓረፍተ ነገር የተነሱ ናቸው። ደሴ፣ ሸዋ በር ያለችው ሱቄ ድረስ መጥቶ ያፋጠጠኝም አለ። ስለዚህ ፍሬንና ካቴናን ለሚቀጥለው ወር አቆይተን ዛሬ ፈረንሳይ ገጠር እንግባ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በኮርስ ብስክሌቴ ሐረጎን ወጥቼ፣ ደሴ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። እህቴ ሌማን ነው የምትኖረው። ሐምሌንና ነሐሴን እሷ ጋ እንዳሳልፍ ጠርታኛለች። አካባቢው ተራራ የለውም፣ ጉብታ ጉብታ ነው፣ እርሻና ጫካ ነው ትላለች። ሐረጎን ለምትወጣ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም እንዴ? ልምምድስ ያስፈልገኛል?
የሐረጎ ልጅ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ የኔ ልጅ። ቀልድ ግን አይደለም። እዚያ ሳለሁ ከተራራ አገር የመጡ ጠንካራ ልጆች ሦስተኛው ሰዓት ላይ ዝለው መንገድ ዳር ሲቀመጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጉልበት አንሷቸው አይደለም። አወጣጡን ስላላወቁበት ነው።

ሐረጎ አንድ ትልቅ ዕዳ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። ልዩነቱን አንዴ ከከፈልሽ ጨረስሽ። ስትመለሺ እግርሽ ያርፋል፤ የሚሠራው ፍሬን የያዘው እጅሽ ነው። ሌማን ያለችበት የሳርት ገጠር ግን ዕዳውን በሳንቲም በሳንቲም ነው የሚሰበስበው። አንዷ ጉብታ የአንድ ደቂቃ ናት፣ ሌላዋ የሁለት። ወጣሁ ስትዪ ትወርጃለሽ፤ ቁልቁለቱ ሳያልቅ ቀጣይዋ ከፊትሽ ትታያለች። እስከ ማታ እንዲሁ ነው።

በቁጥር ላሳይሽ። ከፓሪስ አካባቢ ተነስቶ እስከ ብሬስት ወደብ ደርሶ የሚመለስ፣ ፓሪስ ብሬስት ፓሪስ የሚባል የታወቀ የብስክሌት ጉዞ አለ። 1,200 ኪሎ ሜትር ነው። ከእህትሽ ከተማ በስተሰሜን ባለው ገጠር ያልፋል። ከመንገዱ ሁሉ ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል 400 ሜትር አይሞላም። ያም ሆኖ ብስክሌተኛው የሚወጣው ዳገት ሁሉ ሲደመር ወደ 12 ሺህ ሜትር ይጠጋል። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለውን ከፍታ 18 ጊዜ ያህል መውጣት ማለት ነው። ያውም አንድም ተራራ ሳታዪ!

ችግሩ የሚጀምረው ከጉብታዋ ሥር ነው። አጭር ስለሆነች “እቺን!” ብሎ ከመቀመጫ ተነስቶ መርገጥ ያምራል። አንዷን እንዲህ ብታልፊያት ምንም አትሆኚም። ግን በኃይል ስትረግጪ ሰውነትሽ ስቡን ትቶ ጡንቻ ውስጥ ያጠራቀመውን ስኳር ነው የሚያቃጥለው። ስኳሩ ደግሞ ጥቂት ነው። ከሰዓት በኋላ እግርሽ አልታዘዝ ያለ ቀን ስኳሩን ጠዋት ጨርሰሽዋል ማለት ነው።

እንዲህ አድርጊ። ማርሽ የምትቀንሺው ዳገቷ ከመጀመሯ በፊት ይሁን፤ ከጀመረች በኋላ ካቴናው እየተንጫጫ አይደለም። ቁጭ ብለሽ ውጪ። ጎንሽ ካለ ሰው ጋር ማውራት እስኪያቅትሽ አትርገጪ። አናቷ ላይ ስትደርሺ ደግሞ እግርሽን እንዳታቆሚ። ሰው ሁሉ እዚያች ጋ “እፎይ” ብሎ ያቆማል። አንቺ ግን ፍጥነትሽ እስኪመለስ ትንሽ ርገጪ። ከዚያ ቁልቁለቱ ራሱ የሚቀጥለውን ዳገት ሲሶ በነጻ ያስወጣሻል። መንገዱ ቀጥ ያለና ከፊት የሚታይ ከሆነ ፍሬን አትንኪ። ሐረጎ ላይ ይህን ብትሞክሪ ገደል ነው የሚቀበልሽ። እዚያ ግን መጠምዘዣው ጥቂት ነው፣ ከጉብታው አናት ላይ ሆነሽ የሚቀጥለውን መንደር የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ታያለሽ።

ሁለተኛው ነገር አየሩ ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። አንቺ በዚህ ስስ አየር ለምደሽ ሌማን ስትደርሺ ትንፋሽ ይተርፍሻል። ቀድሞ የሚደክመው እግርሽ ነው። ያው ወፍራም አየር ግን ፊት ለፊት ይገፋሻል። ስንዴው በታጨደበት ሜዳ ላይ ከለላ የለም። ንፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ፣ ከአትላንቲክ በኩል ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጠዋት ጉልበት ሳለሽ ንፋሱን ፊት ለፊት ይዘሽ ውጪ፤ ደክሞሽ ስትመለሺ ከኋላ ይግፋሽ። ከሌላ ሰው ጋር ከሆንሽ ተራ በተራ ከኋላ ተጠለሉ።

ልምምዱን እዚሁ ጀምሪ። ሐረጎን እስከ ላይ መውጣቱን ለአንድ ሰሞን ተይው። የታችኞቹን መታጠፊያዎች ብቻ ያዢ። ሁለት ደቂቃ ውጪ፣ ዞረሽ ውረጂ፣ አሁንም ውጪ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። በደንብ ከነጋ በኋላ፣ ሲኖ ትራኩ ሳይበዛ ይሁን። ሌላ ቀን ደግሞ ወደ ሐርቡ ውረጂና ጨፋ ሜዳ ላይ ሳታቋርጪ ለሦስት ሰዓት ርገጪ። ሜዳ ላይ ያለ እረፍት መርገጥን ሐረጎ አያስተምርም። ሙቀቱንም ትለምጂበታለሽ፤ የፈረንሳይ በጋ አንዳንድ ቀን ቆላ ነው።

ኤርትራዊውን ብስክሌተኛ ቢንያም ግርማይን አይተሽዋል አይደል? በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀን አሸንፎ፣ በነጥብ የሚመራው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ወሰደ። ከሦስቱ አንደኛውን ድል ያገኘው ኮሎምቤ በምትባል መንደር ነው። መንገዱ ጉብታ ጉብታ ነበር፣ መጨረሻውም ዳገት። ያን ቀን የተራራ ጌቶች ሁሉ ከኋላው ነበሩ። እሱ ኃይሉን ለመጨረሻዋ ዳገት አቆይቶላት ነበር። እኔ እሱን ቀን ሱቅ ዘግቼ ነው ያየሁት።

አንድ ጥሩ ዜና ልጨምርልሽ። በሐምሌ መጀመሪያ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ራት በልተሽ ሁሉ ትወጫለሽ። ደሴ ላይ ክረምቱ ሲያጨማልቀን አንቺ በፀሐይ ትነጃለሽ። አብሽሪ፣ አንቀናም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የታሪክ መምህር ነኝ። ብስክሌት አልነዳም። ዓምድዎን የማነበው ለጨዋታው ነው። “ታሪካዊ ጫካ” ያሉት ገርሞኛል። ግንብ ታሪክ አለው፣ ቤተ መንግሥት ታሪክ አለው። ጫካ ያው የበቀለ ዛፍ አይደለም ወይ?
መምህሩ፣ ከደሴ

መልስ፦ መምህር፣ የዚያ አገር ጫካ ዝም ብሎ የበቀለ አይደለም። ቤተ መንግሥት እንደሚሠራ ታቅዶ የተሠራ ነው። እኔ የማውቀውን ልንገርዎ።

ከሌማን በስተደቡብ በርሴ የሚባል የመንግሥት ደን አለ። ከ5,000 ሄክታር በላይ ነው። ዋናው ዛፉ ኦክ የሚባል ጠንካራ እንጨት ነው። በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ጊዜ የፈረንሳይ ደን ያለ ልክ ተጨፍጭፎ ነበር። ለማገዶ፣ ለከሰል፣ ለብረት ማቅለጫ። ንጉሡ ደግሞ ከእንግሊዝና ከሆላንድ ጋር የሚወዳደር የባሕር ኃይል ይፈልጋል። የጦር መርከብ ያኔ እንጨት ነው፤ ያውም ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ ያልተሰነጠቀ ኦክ። ሚኒስትሩ ኮልቤር በ1669 የውሃና የደን ሕግ አወጣ። ከዚያ ወዲያ የንጉሡን ደን ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ዛፍ እንደሚቆርጥ በደንብ ተወሰነ።

ብልሃቱ ደስ የሚል ነው። ኦክን ለብቻው ሜዳ ላይ ብትተክለው ወደ ጎን ይሰፋል፣ ቅርንጫፉ ይበዛል። ተጠጋግቶ ሲበቅል ግን ብርሃን ፍለጋ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። የታችኛው ቅርንጫፍ በጥላው ደርቆ ይወድቃል፣ ግንዱ ንጹሕ ይሆናል። ደን ጠባቂው በየጊዜው ደካማውን እየቆረጠ ለጠንካራው ቦታ ይለቅለታል። መጨረሻ ላይ ትልልቆቹ ፍሬያቸውን መሬት ላይ አራግፈው ችግኙ ሲበዛ እነሱ ይቆረጣሉ። አንድ ዙር ሁለት መቶ ዓመትም ይፈጃል፣ ከዚያም በላይ። የተከለው ሰው የልጅ ልጁ እንኳ ሲቆረጥ አያይም።

ከዚያስ? ዛፎቹ ለመርከብ ሲደርሱ መርከብ ብረት ሆነ! ኮልቤር ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር እያልኩ ብቻዬን ስስቅ ሰው አይቶኛል። እንጨቱ ግን አልባከነም። ዛሬ ከበርሴም፣ መሐል አገር ካለው ከትሮንሴ ደንም፣ የወይን በርሜል ይሠራበታል። ደግሞ ኖትርዳም አለ። የፓሪሱ ካቴድራል በሚያዝያ 2019 ሲቃጠል ጉልላቱ ወደቀ። መልሶ ለመሥራት ቀጥ ያለ ረጅም ኦክ ሲፈለግ በመጋቢት 2021 ስምንት ግዙፍ ዛፎች ከበርሴ ተቆረጡ። ካቴድራሉ በታኅሣሥ 2024 ተከፈተ። ፎቶውን ያየ ሰው ጣሪያው ላይ ያለውን ነገር እኔ በሥሩ በብስክሌት እንዳለፍኩበት አያውቅም።

እኛም ከዚህ አንርቅም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው መናገሻን አስተከሉ ይባላል። ከኮልቤር ሕግ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ነው። ኮምቦልቻ ራስጌ ያለው የየጎፍ ጥድና ወይራም አለልዎ። ተማሪዎችዎን አንድ ቅዳሜ ይዘዋቸው ቢወጡ ጥሩ ነው። ጦሳ ላይ ባሕር ዛፍ ብቻ እያየ ያደገ ልጅ ደን ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ሊረዳው አይችልም።

ለብስክሌተኞቹ ደግሞ እዚሁ ላይ ልጨምር። ከሜዳው ፀሐይ በአንድ ጊዜ ጫካ ውስጥ ስትገቡ ዓይናችሁ ለጥቂት ሰከንድ አያይም። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው የመንገዱን ጉድጓድ ሊስተው ይችላል። ጫካው ደጃፍ ላይ መነጽራችሁን ዝቅ አድርጉ። ፀሐይ በማያገኘው የመንገዱ ጠርዝ ላይ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አለ፤ ያዳልጣል። በመስከረምና በጥቅምት የኦክ ፍሬ አስፋልቱ ላይ ይረግፋል፣ መታጠፊያ ላይ ክፉ ነው። ማታ ሲል አጋዘን ይሻገራል። ፊተኛው ካለፈ ቁሙ፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ አለ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁለት ጓደኛሞች ነን። አንዳችን ኦርቶዶክስ ነን፣ ፍልሰታን እንጾማለን። አንዳችን ሙስሊም ነን። ነሐሴ ላይ ለሥራ ልምምድ ፈረንሳይ እንሄዳለን። በእረፍት ቀን ብስክሌት ተከራይተን ገጠር ለገጠር ለመዞር አስበናል። በየመንደሩ ምን እንበላለን?
ሁለቱ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እናንተን የመሰለ ጥያቄ ከወሎ ውጭ ከየት ይመጣል! አብሽሩ፣ አትራቡም።

ዳቦ ቤት መጀመሪያ። “ትራዲስዮን” የሚባለውን ባጌት ጠይቁ። በ1993 በወጣ ደንብ መሠረት ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ በስተቀር ምንም ማለት ይቻላል አይገባበትም። ቅቤ የለው፣ ወተት የለው። ለጾመኛዋም ለሙስሊሟም ይሆናል። ክሯሳንና ቸኮሌት ያለበት ዳቦ ግን ቅቤ ነው፤ ጾመኛዋ እጅሽን ሰብስቢ። ሳንድዊች ስታዩ ሙስሊሟ ተጠንቀቂ። ፈረንሳይ ውስጥ በየዳቦ ቤቱ የተለመደው ሳንድዊች የአሳማ ሥጋ በቅቤ ነው። “ሳን ፖር” ማለትን ተለማመጂ፤ ያለ አሳማ ማለት ነው። አይብ ወይም ቱና ያለበት አይጠፋም። ፓሪስ ብሬስት የሚባል ጎማ የመሰለ ኬክም ታያላችሁ። በ1910 ለዚያ ለነገርኳችሁ ረጅም ጉዞ መታሰቢያ የተፈጠረ ነው። ክሬም ነው በሙሉ። ፍልሰታ ሲፈታ ብሉት።

ከዚህ ይዛችሁ የምትሄዱት አንድ ነገር አለ፦ በሶ። በማር ለውሳችሁ፣ ድብልብል አድርጋችሁ፣ ኪስ ውስጥ። ውድ ዋጋ ያላቸው የስፖርት ከረሜላዎች አይበልጡትም፤ ይህን እኔ ነኝ የምላችሁ። ርቧችሁ ሳይሆን ሳይርባችሁ ብሉ፣ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ።

ሰዓቱን ግን እወቁ። የገጠር ሱቅ ቀትር ላይ ይዘጋል፣ እስከ 9 ሰዓት ላይከፈት ይችላል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ዝግ ነው። ሰኞ ብዙ ዳቦ ቤት ያርፋል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ጋጋሪው ራሱ እረፍት ወጥቶ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ጠዋት ግዙ።

ውሃ ሲያልቅባችሁ ወደ መቃብር ቦታ ሂዱ። አትደንግጡ! በየመንደሩ መቃብር ቦታ አበባ ማጠጫ ቧንቧ አለ፤ ብስክሌተኛ ሁሉ ከዚያ ነው የሚቀዳው። “ኦ ኖን ፖታብል” የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን አይጠጣም። ስትገቡ ብስክሌቱን በር ላይ አቁሙ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ቀብር ካለ ቀጣዩ መንደር ሩቅ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፍኩት በልጄ ነው። የልጄ ልጅ ለትምህርት ፈረንሳይ ሄዶ በብስክሌት ገጠር ለገጠር እየዞረ ነው። መኪናው ያስፈራኛል። ቢጠፋስ? ውሻውስ?
እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እናቴ፣ እግዜር ያክብርልኝ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልብዎን ያሳርፉ።

መኪናውን በተመለከተ፣ እዚያ ሕጉ ጠንካራ ነው። ከከተማ ውጭ ብስክሌተኛን የሚያልፍ መኪና 1 ሜትር ተኩል መራቅ አለበት። ከተማ ውስጥ 1 ሜትር። አብዛኛው ሾፌር ያከብረዋል፤ መስመር ተሻግሮ ነው የሚያልፍዎት። የልጅ ልጅዎም የሚነዳው በትልቁ አውራ ጎዳና ላይ አይደለም፤ እዚያማ ብስክሌት ክልክል ነው። የገጠሮቹ ትንንሽ መንገዶች ቁጥር አላቸው፣ አብዛኛው መስቀለኛ ላይ የመንደር ስምና ርቀት ተጽፏል። ቢጠፋ እንኳ በየ5 እና 6 ኪሎ ሜትሩ መንደር አለ። አደጋ ቢደርስ የሚደወለው 112 ነው።

ውሻው የታጠረ ነው። ይጮሃል እንጂ አይወጣም፣ ከኛ አገር ውሻ ጋር አይወዳደርም። አህያና ፍየልም መንገድ ላይ አያገኝም።

እርስዎ ግን ሦስት ነገር ይዘዙልኝ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ እንዳይሰካ፤ ብስክሌት ላይ ክልክል ነው፣ ቅጣቱም 135 ዩሮ ነው። የተማሪ ኪስ አይችለውም። ከከተማ ውጭ ሲመሽበት አንጸባራቂውን ሰደርያ ይልበስ፤ እሱም ግዴታ ነው። ሦስተኛ፣ ምልክት በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ከቀኙ የሚመጣው ቅድሚያ አለው። ትንሿ የመንደር መንገድ ብትሆንም፣ ትራክተርም ቢሆን። ፈረንሳዮች ይህችን መብት እስከ መጨረሻ ይጠቀሙባታል።

ጥያቄ፦ ብስክሌቴን በአውሮፕላን ልውሰድ ወይስ እዚያ ልከራይ? ስንት ጥርስ ያስፈልገኛል?
ቸኳዩ፣ ከሐይቅ

መልስ፦ ለሁለት ሳምንት ከሆነ ተከራይ። ለሁለት ወር ከሆነ ውሰድ። ፔዳሉን ፍታ፣ መሪውን አዙር፣ ከጎማው ትንሽ አየር አስተንፍስ፣ ካርቶን ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለህ አስገባ። ፔዳል መፍቻ ቁልፍ እንዳትረሳ። ፊት ትንሿ 34 ጥርስ፣ ኋላ ትልቋ 32 ከሆነች ለዚያ አገር ጉብታ ይበቃሃል። ጎማህ ደግሞ 28 ሚሊ ይሁን፣ ከዚያ አትቅጠን። በበጋ መንገድ ሲጠግኑ ሬንጅ ላይ ደቃቅ ጠጠር በትነው ይሄዳሉ፤ “ግራቪዮን” የሚል ምልክት ስታይ ፍጥነትህን ቀንስና መሪህን ቀጥ አድርገህ እለፍ። በመንገዱ መሐል የባቡር እርዳታ ከፈለግህ የክልል ባቡሮች ብዙዎቹ ብስክሌት ያስገባሉ። ፈጣኑ ባቡር ግን ቀድሞ ቦታ መያዝ ወይም ብስክሌቱን ፈታትቶ ቦርሳ ውስጥ መክተት ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሱቅህ ስመጣ ስለ ፓሪስ ብሬስት ፓሪስ ነግረኸኝ እንቅልፍ ነሳኸኝ። 25 ዓመቴ ነው፣ ዕቃ አመላላሽ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ብስክሌት ላይ ነኝ። የደሴ ልጅ ይችለዋል? ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን ከነዳ እኔስ?
ዕቃ አመላላሹ፣ ከደሴ

መልስ፦ ጽጋቡ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። እሱ ግን ባለሙያ ነበር፣ ቡድን ነበረው፣ ሐኪም ነበረው። አንተ የምትለው ሌላ ነገር ነው፤ እንዲያውም ላንተ ይቀርባል።

ፓሪስ ብሬስት ፓሪስ በ1891 ሲጀመር ውድድር ነበር። ሻርል ቴሮ የሚባል ሰው ከ71 ሰዓት ትንሽ በለጠ ጊዜ ጨርሶ አሸነፈ፤ በአየር የተሞላ ጎማ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን። ዛሬ ውድድር አይደለም። በየአራት ዓመቱ ነው፤ የመጨረሻው በ2023 ነበር፣ ቀጣዩ 2027 ነው። 1,200ውን ኪሎ ሜትር ቢበዛ በ90 ሰዓት ውስጥ መጨረስ ነው። ስንተኛ ወጣህ የሚልህ የለም። አስተማሪው፣ ጡረተኛው፣ ፖስታ አመላላሹ ሁሉ ይነዳዋል። የ2019ኙና የ2023ቱ የተነሱት ከራምቡዬ ነው። እሱም የድሮ ነገሥታት አደን የሚያድኑበት ጫካ ነው። ከዚያ የፐርሽ ጉብታዎች፣ ከዚያ ብሬስት ያለችበት የምዕራብ ፈረንሳይ ክልል ብሪታኝ። በየመንደሩ ሰው በር ላይ ጠረጴዛ አውጥቶ ሌሊት ቡናና ሾርባ ይሰጣል።

ለመግባት በዚያው ዓመት የ200፣ የ300፣ የ400 እና የ600 ኪሎ ሜትር ጉዞዎችን በተወሰነ ሰዓት መጨረስ አለብህ። አዘጋጁ የፓሪስ ኦዳክስ ክለብ የሚያውቀው ጉዞ መሆን አለበት፤ በራስህ ደሴ ከሚሴ ብትመላለስ አይቆጠርም። ስለዚህ የገንዘቡና የቪዛው ነገር ከእግርህ በፊት ይመጣል። ይህን ደብቄ ላስጎመጅህ አልፈልግም።

እግርህ ግን ይችላል፤ ሳላይህ አልናገርም፣ ሰኞ ገበያን ጤፍ ተጭነህ ስትወጣ አይቼሃለሁ። የሚቀርህ ሌላ ነው። መቀመጫህ ለ10 ሰዓት አለመደም። እጅህ መሪ ላይ ይደነዝዛል። ሌሊት ነድተህ አታውቅም። ያ ጉዞ ሦስት፣ አራት ሌሊት አለው፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በእንቅልፍ ነው እንጂ በዳገት አይደለም። መጀመሪያ የብስክሌትህ መቀመጫ ከፍታ ይስተካከል፤ አሁን ባለበት ጉልበትህን ይጨርሰዋል። ከዚያ መብራት። የፊት መብራትህን ይዘህ ና፣ አየዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ይሻላል፣ ጠዋት ጠዋት ባጃጆቹ ይበዙብኛል።